«ከጥንዶቹ አንዱ ቤት ይቅር» ላላችሁን

ጃንዋሪ 2021

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት በኮሮናው ሎክዳውን (ከቤት አትውጡ በተባለበት ጊዜ) አስቤዛ እንዴት እንደሚገዛ ያወጣችሁትን ምክር አንብቤዋለሁ። በእናቶች የቫይበር ግሩፓችን ውስጥ ያልላከው ሰው ስለሌለ ያላነበበው ይኖራል ብዬ አላስብም። አብዛኛው ነገር ደህና ነው። ዝርዝር ጽፋችሁ ውጡ፣ ማስክ አትርሱ፣ ያነሳችሁትን ዕቃ መልሳችሁ አታስቀምጡ። ጥሩ። እኔን ያንገበገበኝ አራተኛው ምክር ነው። «ሕጉ ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ ሱቅ እንዲገባ ስለሚያዝ፣ ከጥንዶቹ አንዱ ልጆቹን ይዞ ቤት ይቅር» ይላል።

እኔ ቤት ጥንድ ሆኖ የሚገኘው ካልሲ ብቻ ነው። እሱም ሁልጊዜ አይደለም።

መጀመሪያ ስህተቱን ላስተካክል፣ ከዚያ እናደዳለሁ። በእንግሊዝ እንዲህ የሚል ሕግ የለም። ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ጃንዋሪ 4 ቀን 2021 ማታ በቴሌቪዥን ወጥተው ያወጁት ሎክዳውን ያለ በቂ ምክንያት ከቤት መውጣትን ይከለክላል። ምግብ መግዛት ግን በቂ ምክንያት ነው። ልጅ ይዞ መግዛት ክልክል ነው የሚል መስመር የትም የለም። «ብቻችሁን ኑ» ያሉት ሱፐርማርኬቶቹ ናቸው። በጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት ሴንስበሪስ፣ ቴስኮና ሌሎቹ ተራ በተራ ማሳሰቢያ አወጡ። ቴስኮ እንዲያውም ልጅ የያዘና ሰው የሚንከባከብ አይመለከተውም ብሎ ለይቶ ጽፏል። ይህን ለማጣራት የሚፈጀው ጊዜ ሻይ እስኪፈላ አይሞላም። እናንተ ግን የሱቆቹን ልመና ወስዳችሁ ሕግ አደረጋችሁት፤ በሕጉ ላይ ደግሞ ባል ጨመራችሁበት።

ምን ለውጥ ያመጣል የምትሉ ከሆነ በር ላይ የቆመችውን ጠይቁ። የጥምቀት ሰሞን እዚህ ሰሜን ለንደን አንድ ትልቅ ሱቅ በር ላይ ሰልፍ ይዣለሁ። ትንሹ አራት ዓመቱ ነው። ጋሪው ውስጥ አልቀመጥም ብሎ መሬት ላይ የተለጠፈውን የሁለት ሜትር ምልክት በጫማው ጫፍ ይልጣል። ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው። ከ11 ዓመት በታች ማስክ ግዴታ ባይሆንም የእሷ ዩኒኮርን ስላለበት አታወልቀውም። ተራችን ሲደርስ ጥበቃው አንድ ጣቱን አነሳ። አንድ ሰው ማለቱ ነው። «የትኛውን ልተውልህ?» አልኩት። እሱም ግራ ገብቶት ወደ ውስጥ ዞሮ አለቃውን ይፈልግ ጀመር። ይሄኔ ከኋላዬ የነበረች ሐበሻ፣ «እህቴ፣ ጊዜው ክፉ ነው። ልጆቹን ከአባታቸው ጋር ብትተያቸው አይሻልም?» አለችኝ። በክፋት አይደለም፣ ከልቧ አዝና ነው። «አባታቸውን ካገኘሽው ሰላም በይልኝ» አልኳት።

አለቃው መጥቶ አስገባን። አንገቴን ደፍቼ፣ የፈለግሁትን ግማሹን ረስቼ ወጣሁ። በ2020 የመጀመሪያው ሎክዳውን ጊዜም ልጅ የያዙ ነጠላ ወላጆች ከሱቅ በር እየተመለሱ እንደነበር የእንግሊዝ ጋዜጦች ጽፈዋል። አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር በገዛ ቋንቋችን «ሕጉ ነው» ተብሎ መጻፉ ነው። አሁን ያቺ ሴት ማስረጃ አላት።

ደግሞ ጥንዶች የምትሏቸው እነማን ናቸው? በዚህ አገር ልጅ ብቻውን የሚያሳድግ ወላጅ ያለበት ቤተሰብ 3 ሚሊዮን ይጠጋል፤ አብዛኛውም በእናት የሚመራ ነው። በእኛ መካከል የተፋታች አለች፣ የሞተባት አለች፣ ባሏ አዲስ አበባ ቪዛ የሚጠብቅ አለች። ይቺ የመጨረሻዋ ባሏን ለማምጣት በአሁኑ በ2021 ሕግ በዓመት 18,600 ፓውንድ ማግኘት አለባት። ሆቴል የምታጸዳ ከሆነች፣ እንደ እኔ ሆቴሉ ተዘግቶ 80 በመቶ ደሞዝ እየተከፈላት ቤት የተቀመጠች ከሆነች፣ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። በጽሑፋችሁ ላይ ያለው ፎቶ ግን አባወራው መኪና ላይ ካርቶን ሲጭን፣ እማወራዋ ስትስቅ ያሳያል። ደስ ይላል። ለዓይን።

«ኦንላይን እዘዙ» የሚለውንም እንየው። የማዘዣው ሰዓት የሚለቀቀው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ስልክ ይዤ ስጠብቅ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ስነቃ ሁሉም አልቋል። ባለፈው ዓመት ቅድሚያ የተሰጠው በጤናቸው ምክንያት ከቤት አትውጡ ለተባሉት ነበር። ተገቢ ነው፣ አልቀናም። ግን ሁለት ሕፃናት ያላት እናት የትም ዝርዝር ውስጥ አልገባችም። ሰዓቱ ቢገኝ እንኳ እኔ የማዝበት ሱቅ ከ40 ፓውንድ በታች ከሆነ ተጨማሪ ያስከፍላል። 40 ፓውንድ በአንድ ጊዜ ማውጣት የምችልበት ሳምንት አለ፣ የማልችልበት ይበዛል።

«የሁለት ሳምንት ግዙ» የሚለው ደግሞ ይብሳል። በምን ልሸከመው? አንድ እጄ ጋሪ ላይ ነው፣ አንዱ ልጅ ላይ ነው። አውቶቡስ ስንገባ ጋሪው መታጠፍ ካለበት ወተቱን በጥርሴ መያዝ ሊኖርብኝ ነው። ፍሪጄ ከጠረጴዛ በታች የሚገባ ነው፤ በረዶ ቤቱ የዶሮ ብልት በቅጡ አይዝም። ለገና አንድ ዶሮ ገዝቼ ፍሪጁ ውስጥ ያስገባሁት እንቁላሉን ለጎረቤት ፍሪጅ አበድሬ ነው።

እናንተ ያላነሳችሁት አንድ ነገር አለ። በዚህ በ2021 ሎክዳውን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነጻ ምሳ የሚገባቸው ልጆች በሳምንት የ15 ፓውንድ ቫውቸር (የምግብ መግዣ ኩፖን) ያገኛሉ። በመጀመሪያ ለአንዳንዱ ቤት የተላከው የምግብ ጥቅል ፎቶው በየቦታው ዞሮ በማነሱ አገር ጉድ ካለ በኋላ ነው፣ ጃንዋሪ 18 ቫውቸሩ በአገር አቀፍ ደረጃ እንደገና የተከፈተው። ቫውቸሩ የሚሠራው በትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ብቻ ነው። የቱርኩ ሱቅ አይቀበለውም፣ ጤፍ የምትሸጠው እትዬ አትቀበለውም። የእኔ ኦንላይን ላይም አይሠራም። እንግዲህ ወደዚያው ወደ ትልቁ ሱቅ በር መሄዴ ነው። ከልጆቼ ጋር። እናንተ ሕገወጥ ካደረጋችሁት ሰልፍ ላይ።

ልጆቹን ቤት ጥዬ ልውጣ? በዚህ አገር ልጅ ብቻውን የሚተውበትን ዕድሜ የወሰነ ሕግ የለም። ለአደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ ግን ወንጀል ነው። የሕፃናት ጥበቃ ድርጅቱ ኤንኤስፒሲሲ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለረጅም ጊዜ ብቻውን እንዳይቀር ይመክራል። የእኔ አራት ዓመቱ ነው። ምድጃ ያበራል፣ በር ይከፍታል፣ ሶሻል ወርከር መጥታ ብትጠይቀው ደግሞ ሁሉንም ነገር ዘርዝሮ ይነግራታል።

መጻፍ የነበረበት ምን መሰላችሁ? ሰፖርት በብል የሚባል ነገር አለ። ከጁን 13 ቀን 2020 ጀምሮ ልጆቹን ብቻውን የሚያሳድግ ሰው ከአንድ ሌላ ቤት ጋር ሆኖ እንደ አንድ ቤተሰብ መቆጠር ይችላል። ቤት መግባት፣ ልጅ ማቆየት፣ አብሮ መብላት ይፈቀዳል። በዚህ በ2021 ሎክዳውንም አልተነሳም። ከ14 ዓመት በታች ልጅ ላለው ደግሞ ለልጅ ጥበቃ ብቻ የሚሆን ሌላ ዓይነት በብል አለ። ብዙ እናቶቻችን ይህን አያውቁም። የሚያነቡት በእንግሊዝኛ አይደለም፣ በእናንተ ነው። እኔ በብል የገባሁት ከእኛ ሁለት ፎቅ በላይ ከምትኖር ኤርትራዊት ጓደኛዬ ጋር ነው። እሷ ልጆቼን ስታይ እኔ እወጣለሁ፣ የእሷን አስቤዛ ጨምሬ። በጥምቀቱ ሰሞን ያን ቀን እሷ ሆስፒታል ሌሊት ሠርታ ተኝታ ነበር። ሰው ናት።

ሌላው እኛ በግሩፑ የጀመርነው ነው። እንደ እቁብ በዙር ነው። አንዷ ትወጣለች፣ ለሦስት ቤት ትገዛለች፣ በር ላይ አስቀምጣ ደውላ ትሄዳለች። ማንም ቤት አይገባም። ገንዘቡ ደረሰኙ ፎቶ ተነስቶ ሲላክ በባንክ ይገባል። ሽንኩርቱን ከቱርኩ ሱቅ በከረጢት አንስተን እንከፋፈለዋለን፣ በጣም ይረክሳል። እንከን አይጠፋውም። ምስር ክክ ብዬ ልኬ ድፍን ምስር መጥቶልኝ ያውቃል፤ እሱን ስለቅም አመሸሁ። ጨቅላ ያላት ዳይፐሩን በቁጥር ካልጻፈች በስህተት መጠን ይመጣል። የልደት ኬክ ማዘዝ ግን ተከልክሏል፣ ተሰብሮ መጥቶ ኩርፊያ ስለተነሳ።

መውጣት የግድ ሲሆን ደግሞ ማታ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ነው የምሄደው። ሰልፍ የለም፣ ጥበቃውም ደክሞታል፣ ቀኑ ያለፈበት ሊባል ጥቂት የቀረው ዳቦና ሥጋ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበት ዋጋው ይወርዳል። ልጆቹ ፒጃማ ለብሰው ከላዩ ካፖርት ይደርባሉ። የሚከለክለኝ ካለ የሱቁን ማሳሰቢያ ከስልኬ አሳያለሁ። ጥበቃው አንብቦ ያሳልፈኛል። ሐበሻዋ ግን የምታሳየኝ የእናንተን ነው፣ እሱ ላይ መልስ የለኝም።

ስለዚህ እርማት አውጡ። ትንሽ አይደለም፣ ከታች በደቃቅ ፊደል አይደለም፣ ምክሩ በወጣበት መጠን። «ሕጉ ስለሚያዝ» የሚለው ይውጣ። «ከጥንዶቹ አንዱ» የሚለውን ብትተዉት አልከፋም፤ ጥንዶችም አስቤዛ ይገዛሉ። ከሥሩ ግን ብቻዋን ላለችው አንድ አንቀጽ ጨምሩላት። አባቶችም አሉ ብቻቸውን የሚያሳድጉ፣ ለእነሱም።

እግረ መንገዳችሁን ደግሞ የሚቀጥለውን ጻፉ። በፌብሩዋሪ 2021 አጋማሽ የትምህርት ቤት እረፍት አለ። መንግሥት በዚያ ሳምንት ትምህርት ቤቶች ምሳም ቫውቸርም እንዲሰጡ አይጠበቅባቸውም ብሏል፤ ገንዘቡ ለብርዱ ወራት ድጋፍ ተብሎ በየካውንስሉ (በየአካባቢው አስተዳደር) በኩል ተመድቧል። እንዴት እንደሚጠየቅ ካውንስሉ ሁሉ የየራሱ ፎርም አለው። ፎርሙ በእንግሊዝኛ ነው። የብዙዎቹ እናቶች ስልክ ላይ በአማርኛ የሚገባው የእናንተ ዜና ስለሆነ ከእረፍቱ በፊት አድርሱላቸው።

የሁለት ልጆች እናት
ሰሜን ለንደን