የእቴጌ መነን ዘውድና ቲያራ ይለይ፤ ውልወላውም ይቅር

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ስለ እቴጌ መነን ጌጣጌጥ ባወጣችሁት ጽሑፍ ሁለት ነገር ይታረም። አንደኛው የፎቶው መግለጫ ነው። እቴጌ ከነጻነት በኋላ ግብዣ ላይ ያደረጉት ጌጥ «የነገሡበት ዘውድ» ተብሏል። ቲያራ ነው እንጂ ዘውድ አይደለም። ቲያራ ግንባር ላይ ተቀምጦ ከኋላ ክፍት ይሆናል፤ ዘውድ ራስን ዙሪያውን ይከባል። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ የደፉት ዘውድ ቤተልሔም ሄዷል። በስደቱ ጊዜ እዚያው ልደት ቤተ ክርስቲያን፣ አገራቸው ነጻ ከወጣች ዘውዳቸውን ለእመቤታችን ሊሰጡ ተስለው ነበር፤ ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ ስእለታቸውን አደረሱ። ለወደፊት እቴጌዎች አምሳያው ተሠራ፤ እሳቸው ግን ዳግም ሙሉ ዘውድ አልደፉም።

ሁለተኛው ይብሳል። «በየሙዚየሙ የደበዘዙት ዘውዶች ተወልውለው ይታዩ» ይላል ጸሐፊው። እባካችሁ፣ ማንም እንዳይሰማው! ወርቅ ቅብ በሆነ ብር ላይ ያለው ወርቅ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እጅ አይበልጥም። አመድ በሎሚ ወይም የጥርስ ሳሙና በጨርቅ ሲታሽበት መጀመሪያ የሚሄደው ጥቁሩ ሳይሆን ወርቁ ነው፤ ያውም ከቅርጹ ጉብታ ላይ። ከዚያ ብሩ ይጋለጣል፤ የተጋለጠ ብር ደግሞ ፈጥኖ ይጠቁራል፤ እንደገና ይታሻል። የባሕር ዕንቁ (ሉል) ካለበት ሎሚው ገጹን ይበላዋል። አንዳንድ ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት በድምፅ ሞገድ የሚያጥብ ማሽንም ላረጀ ጌጥ አይሆንም፤ የላላ ፈርጥ ያወልቃል።

ዋናውን ከአምሳያው የሚለየውም በውልወላ የሚጠፋው ነገር ነው፦ የመዶሻ ምት፣ በውስጥ ጠርዝ ያለ የላብና የጨርቅ ምልክት፣ የቆየ የብየዳ ጥገና።

የአያት ጌጥ ቤቱ ያለውም ሰው ይህን ይያዝ። መጀመሪያ በአራት አቅጣጫ ፎቶ ያንሳ፣ በግራም ይመዝን፤ ከጥገና ሲመለስ ክብደቱ ከቀነሰ ይጠይቃል። ሲያነሳ ከታች ጠርዙን በሁለት እጅ ይያዝ፤ ከላይ ያለውን መስቀል ይዞ ማንሳት ብየዳውን ይሰብራል። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ያራግፍ። ከፋይ ወይም ዕንቁ ከሌለው ብቻ፣ በተጣራ ውሃ የረጠበ ጥጥ ያስነካና ወዲያው ያድርቅ። በሱፍ ወይም በጋዜጣ (ይቅርታ አርጉልኝ) አይጠቅልል፣ በጎማ ማሰሪያም አይሰር፤ ሱፍና ጎማ የሚያወጡት ድኝ ብርን ያጠቁራል። ታጥቦ የደረቀ ነጭ አቡጀዲ ይበቃል።

የፎቶው መግለጫ በሚቀጥለው እትም ቢታረም መልካም ነው፤ «ቲያራ» ተብሎ።

የብረት ቅርስ ጠጋኝ፣ ፒያሳ