ማብሪያ ማጥፊያውን አትንቀሉት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ሥራዬ ኤሌክትሪሻን ነው። ሰሞኑን ስለ «ስማርት ቤት» ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሱቄ ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጋረጃው በስልክ ይከፈታል፣ አምፖሉ በድምፅ ይበራል፣ በሩ ማን እንደመጣ ይናገራል። ጥሩ ነው። እኔም ላለፉት አራት ዓመታት የእንጀራዬ ግማሽ ከዚሁ ነው። ግን አንድ ነገር አልነካችሁም። ይሄ ሁሉ ጉድ የሚሠራበት ሶፍትዌር የሰው ነው። ባለቤቱ ሲያሻው ይቀይረዋል። በተቀየረ ማግስት ቤት ውስጥ የሚሆነውን እኔ ስላየሁት ነው ብዕር ያነሳሁት።

ደሴ ውስጥ ስማርት ቤት የሚያሠራው ማነው ብትሉ የግድ ሀብታም አይደለም። ውጭ አገር ልጅ ያለው ነው። ልጅ ከአሜሪካ ወይም ከዐረብ አገር ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ከሽቶውና ከጫማው ጋር ካሜራ፣ ሴንሰርና በዋይፋይ የሚሠራ ሶኬት ይኖራል። ከዚያ እኔ እጠራለሁ። (በ110 ቮልት ብቻ የሚሠራ ስንት ዕቃ እንደመለስኩ አትጠይቁኝ። የእኛ 220 ነው። አንዱን ጀርባውን ሳላነብ ሰክቼው የሸተተኝ ሽታ እስካሁን ከሱቄ የወጣ አይመስለኝም።)

ከእነዚህ ቤቶች አንዱ ሆጤ አካባቢ ነው። የሚኖሩበት አንዲት እናት ናቸው፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። የምታግዛቸው አንዲት ልጅ አብራቸው አለች። ልጃቸው ዋሽንግተን ዲሲ ናት። እማማ ለሱብሂ ሶላት ከመንጋቱ በፊት ይነሳሉ። ውዱ ለማድረግ ኮሪደሩን አልፈው ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ መሃሉ ላይ አንድ ደረጃ አለው። የደሴን የክረምት ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ያድራል፣ ከውጭ ቅንጣት ብርሃን አይገባም። ዲሲ ያለችውን ልጃቸውን እንቅልፍ የነሳቻት ያቺ አንድ ደረጃ ናት።

እናም ዕቃውን ላከች። ሁለት የእንቅስቃሴ ሴንሰር፣ ስድስት አምፖልና ሁሉንም የምታገናኝ ሀብ የሚሏት የሳሙና ሳጥን የምታህል ዕቃ። ገጠምኩት። ሲሄዱ መብራቱ ከፊታቸው ይበራል፤ ካለፉ በኋላ ራሱ ይጠፋል። የመጀመሪያው ሳምንት እማማ «ቢስሚላህ» ሳይሉ ኮሪደሩን አልፈው አያውቁም።

«ማነው የሚያበራው?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ልጅዎ ናት፣ ከአሜሪካ።»

«አትተኛም እንዴ እሷ?»

ሳቅኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ያን ያህል አልተሳሳቱም። ሴንሰሩ ሰው ሲያይ ለሀቧ ይነግራል። ሀቧ ግን ራሷ አትወስንም ነበር። በኢንተርኔት ለኩባንያው ሰርቨር፣ ውጭ አገር ላለው ትልቅ ኮምፒውተሩ፣ ትልካለች፤ ሰርቨሩ «አዎ፣ ሌሊት ነው፣ አብሪ» ብሎ ይመልስላታል። ከሴንሰሩ እስከ አምፖሉ ሦስት ሜትር አይሞላም። ትዕዛዙ ግን ባሕር ተሻግሮ ደርሶ ነው የሚመለሰው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። እንዲህ ያለ አምፖል ግድግዳው ላይ ባለው ማብሪያ ማጥፊያ ከጠፋ አለቀለት፤ ሴንሰሩ ቢጮህ አይሰማውም። አጋዥዋ ልጅ ደግሞ ማታ ማታ ልማድ ሆኖባት ቀጭ እያደረገች ታጠፋዋለች። ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ለመንኳት። በሦስተኛው ማብሪያ ማጥፊያውን ነቀልኩት። ሽቦዎቹን በቀጥታ አገናኝቼ ቀዳዳውን በጄሶ ደፈንኩ፣ ላዩን ነጭ ቀለም ቀባሁት። ያማረ ሥራ ነበር። ፎቶ አንስቼ ዲሲ ላለችው ልጃቸው ላክሁላት፤ እሷም አመሰገነችኝ።

አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሄደ። ከዚያ ኩባንያው አሮጌውን ሥርዓት ዘግቼ ወደ አዲስ እሻገራለሁ አለ። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ኢሜይል ነው የመጣው። ሦስት ጊዜ ልከዋል። ለልጅቱ፣ ቅናሽና ኩፖን በሚጎርፍበት ሳጥኗ ውስጥ። ማስታወቂያ መስሏት አልከፈተችውም። እኔ ጭራሽ አላየሁትም። እማማ ደግሞ ኢሜይል የላቸውም።

ቀኑ ደረሰ። እማማ እንደ ሁልጊዜው ተነሱ። ጨለማ። ጥቂት ጠበቁት። ጨለማ። አርባ ዓመት የኖሩበት ቤት ነውና እጃቸው የለመደው ቦታ ሄደ። የለም። ግድግዳውን ሲዳስሱ፣ ሲዳስሱ ቆይተው ደረጃዋን በእግራቸው ሲያገኟት እዚያው ቁጭ አሉ። አጋዥዋ ልጅ ያገኘቻቸው ሲነጋጋ ነው።

ስልክ ተደውሎልኝ ስሮጥ ደረስኩ። እማማ ማታ ማታ እጃቸውን ቅባት ይቀባሉ። ነጩ ቀለም ላይ፣ በትከሻ ልክ፣ የመዳፋቸው ዱካ ነበር። አንድ አይደለም። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን። ሁሉም በጄሶ በደፈንኳት ቦታ ዙሪያ። መሣሪያዬን አስቀምጬ ዝም ብዬ አየሁት።

«አብሽር፣ አልወደቅሁም» አሉኝ። ጭራሽ ቡና አስፈሉልኝ።

ጥገናው የራሱ መከራ ነበረው። አፑ ሙሉ በሙሉ ተቀይሯል። ድሮ የማውቃት ቁልፍ ሁሉ ሌላ ቦታ ተደብቃለች። አሥራ አንድ ትዕዛዝ ጽፌ ነበር፤ ወደ አዲሱ የተሻገረው አራቱ ብቻ ነው። አንዱ ሴንሰር ጭራሽ «አላውቅህም» ተባለ። ለመግባት ስል ደግሞ የማረጋገጫ ቁጥር ይመጣል፤ የሚመጣው ልጅቱ ስልክ ላይ ነው። እዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን በክረምት ዲሲ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ቀሰቀስኳት፣ ደነገጠች፤ እናቴ ምን ሆኑ ብላ። ቁጥሩን አንብባልኝ እስክጽፈው ጊዜው አለፈ። እንደገና። የሀቧ አፕዴት 60 በመቶ ደርሶ መብራት ሄደ። መብራት ሲመጣ ሀቧ ቀይ እያበራች ቁልጭ ቁልጭ ትላለች። ያን ቀን መሰላል ላይ ሆኜ ሴንሰሩን በመርፌ እየወጋሁ ስንት ጊዜ እንደገና እንዳስነሳሁት አልቆጠርኩም። ብቻ ሲጨልም ነው የወጣሁት፤ ኮሪደሩን በጊዜያዊ ገመድ ተራ አምፖል አንጠልጥዬለት።

ኮምቦልቻ ያጋጠመኝ ደግሞ ያስቃል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ አንድ ፔንሲዮን ውስጥ የውሃ ፓምፕ በስማርት ሶኬት ገጥሜ ነበር። ውሃው በፈረቃ ሲመጣ ታች ያለው ይሞላል፤ የላይኛው ሮቶ ሲጎድል ፓምፑ ይነሳል፣ ሲሞላ ይቆማል። በዚያው ሽግግር «ተነሳ» የሚለው ትዕዛዝ ተሻገረ፤ «ቁም» የሚለው ቀረ። ሌሊቱን ሙሉ ውሃው ከጣሪያ ወደ መንገድ ወረደ። ጎረቤት ጀሪካን ጀሪካኑን ይዞ ወጣ። ባለቤቱ «ሰፈሩ መረቀኝ፣ ቆጣሪው ረገመኝ» አለኝ። ፓምፑ ደርቆ ሳይቃጠል መንጋቱ ዕድል ነው። አሁን ሮቶው ውስጥ ተንሳፋፊ ኳስ ያላት ተራ ማቆሚያ አስገብቼለታለሁ። ኳሷ አካውንት የላትም።

የእኔን ኩባንያ ስም አልጠራም፤ ጸብ አልፈልግም። ነገሩ ግን የአንድ ድርጅት ጠባይ አይደለም። በዓለም የታወቁ፣ በእኔ እጅ ያላለፉ ሌሎች አሉ። ሪቮልቭ የሚባል 300 ዶላር የሚሸጥ ሀብ ነበር። የጉግል የሆነው ኔስት እ.ኤ.አ. በ2014 ገዛው፣ በሜይ 15 ቀን 2016 አገልግሎቱን ዘጋው። ዕቃው ሳይበላሽ ጌጥ ሆኖ ቀረ። ዊንክ የተባለው ሌላ የስማርት ቤት ኩባንያ በሜይ 2020 ለደንበኞቹ በወር ወደ 5 ዶላር ካልከፈላችሁ ይቋረጣል አላቸው። የሰጠው ጊዜ አንድ ሳምንት ገደማ ነው። ጩኸቱ ሲበዛ ቀኑን ገፋው። ኢንስቲዮን የተባለው ሦስተኛው ኩባንያ ደግሞ የባሰ ነው፤ በኤፕሪል 2022 ሰርቨሩ ሳይሰናበት ጸጥ አለ። በኋላ ከተጠቃሚዎቹ ጥቂቶቹ ድርጅቱን ራሳቸው ገዝተው አስነሱት። ይሄ ሁሉ መብራት እንደ እኛ በማይጠፋበት አገር ነው።

ለውጡ ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2014 የገዛውን ስማርትቲንግስ የተባለ የስማርት ቤት ሥርዓት ውሰዱ። ለዓመታት ተጠቃሚዎች ግሩቪ በሚባል ቋንቋ የጻፏቸው ፕሮግራሞች ሰርቨር ላይ ነበር የሚሠሩት። በ2022 መጨረሻና በ2023 መጀመሪያ እነሱን ዘግቶ፣ በሉዋ ቋንቋ ተጽፈው እዚያው ቤት ሀቡ ላይ ወደሚሠሩት ተሻገረ። ብዙ ሰው ተማርሯል፤ የለፋበት ሥራ በአንድ ጊዜ አፈር በላ። አቅጣጫው ግን ትክክል ነው። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ሰው ውሳኔው ቤቱ ውስጥ መሆኑ ሰርግና ምላሽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የመጣው ማተር የሚባለው የጋራ መግባቢያም ዕቃዎቹ እዚያው ቤት ውስጥ እንዲነጋገሩ ተብሎ ነው የተሠራው። (መብራት ከሄደ እርግጥ ስማርቱም ደንቆሮውም እኩል ነው።)

የኔ ቅሬታ አሻጋሪው የተሻጋሪውን አቅም አለማየቱ ላይ ነው። ኢሜይል የሚያነብ፣ ፈጣን ኢንተርኔት ያለው፣ ቅዳሜና እሁድ ቁጭ ብሎ የሚነካካ ሰው አስበው ነው የሚሠሩት። ያ ሰው ዲሲ ሊኖር ይችላል። ቤቱ ግን ሆጤ ነው። ቢያንስ አሮጌው ከመዘጋቱ በፊት አንድ ቀን አምፖሉ ራሱ ሦስቴ ብልጭ ብሎ «ነገር አለ» ቢል ምን ነበረበት?

ለነሱ ብጽፍ ማን ያነብልኛል። ስለዚህ ለሚያነቡኝ ልጻፍ።

ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ ዕቃውን ከመላካችሁ በፊት ከሻጩ ጋር ብዙ አትከራከሩ። እዚያው ቤታችሁ ግጠሙትና የኢንተርኔቱን ገመድ ንቀሉ። ሴንሰሩ ፊት እለፉ። መብራቱ ከበራ ላኩት። ካልበራ ለእናንተው ይሁን። አካውንቱንም በራሳችሁ ስልክ ብቻ አትክፈቱት፤ እዚህ ያለ አንድ የምታምኑት የእህት ልጅ ወይም ጎረቤት መግባት ይቻለው። ሌሊት 8 ሰዓት ከመቀስቀስ ያድናችኋል፣ እኔንም ከመሳቀቅ።

ፒያሳ በዋይፋይ የሚሠራ ማብሪያ የምትሸጡ ወንድሞቼ፣ «ከስልክ ጋር ይገናኛል» ብላችሁ አትሸኙት። ያለ ኔትወርክ ይሠራል ወይ ሲላችሁ እውነቱን ንገሩት። ይሄን ጋዜጣው ቢጠይቅልኝ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ በጽሑፋችሁ የተጠቀሱት ሻጮች አንዳቸውም ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላሉም።

የሙያ ጓደኞቼ፣ የነቀላችሁትን መልሱ። አሁን እኔ አምፖሉን ተራ አድርጌ ከማብሪያ ማጥፊያው ጀርባ፣ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ፣ ሪሌ የምትባል፣ በኤሌክትሪክ የምትታዘዝ ትንሽ ማብሪያ እደብቃለሁ። በሴንሰርም ይበራል፣ በእጅም ይበራል። አጋዥዋ ልጅ ለዓመታት ስትለማመደው የኖረችውን ቀጭ ማድረግ ማንም አይከለክላትም። ዋይፋዩን ለሚያሰራጨው ራውተር ትንሽ ባትሪ። ብሬከር ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ደግሞ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት፤ የትኛው የምን እንደሆነ፣ የኔ ስልክ፣ የማጥፊያው ቦታ።

ራሴ ቤት ሆም አሲስታንት የሚባለውን ሞክሬዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረ ነው፣ በነጻ ነው፣ ቤት ባለ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። የማንም ሰርቨር ቢዘጋ ግድ የለውም። ግን ልሸልመው አልፈልግም፤ እሱም አፕዴት ሲደረግ የሚያኮርፍበት ቀን አለ። ባለቤቴ «በዚህ ቤት አምፖል ለማብራት ዲግሪ ያስፈልጋል» ትላለች። ለእማማ ቤት አላስገባውም።

እማማ ቤት ጄሶውን ሰብሬ ማብሪያ ማጥፊያውን እዚያችው ቀዳዳ መልሼዋለሁ። ሴንሰሩም ይሠራል። እሳቸው ግን አይጠብቁትም፤ ከመኝታ ቤት ሲወጡ መጀመሪያ እጃቸው ግድግዳው ላይ ነው። ባለፈው ቡና ላይ እያለሁ ልጃቸው ደወለች። «ኮሪደሩ ይበራል ወይ?» አለቻቸው።

«ይበራል» አሏት። «አሁንማ እኔው ነኝ የማበራው።»

ከአክብሮት ጋር
ኤሌክትሪሻኑ፣ ከደሴ