የኬሚስትሪ ክበብ፦ 28 ተማሪ፣ አንድ ቢዩሬት

ዘንድሮ ክበባችን 28 አባላት ነበሩት። ቢዩሬት (ፈሳሽ ጠብ እያደረግን የምንለካበት፣ ከታች መክፈቻ ያለው ረጅም የመስታወት ቱቦ) ግን አንድ ነው። ሰበብ መደርደሬ አይደለም። “የኬሚስትሪ ክበብ ደግሞ ምን ሠራ?” የሚሉ ባልደረቦች ስላሉ፣ የተሠራው ሁሉ በዚያችው በአንዷ እንደሆነ ይታወቅልን ብዬ ነው።

መስከረም ላይ ኮሚቴ መረጥን፣ ደንብ አጸደቅን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ተሰበሰብን። በቃ።

ዋናው ሥራችን ቲትሬሽን ነበር፦ አሲድ ላይ ቤዝ ጠብ እያደረጉ፣ አሲዱን ለመጨረስ ስንት እንደፈጀ በመለካት የአሲዱን መጠን ማወቅ። ቤተ ሙከራችን አሲድ ስለሌለው ቀፊራ ገበያ ወርደን ሎሚ ገዛን። ልጆቹ አረንጓዴው ነው ብጫው የበለጠ የሚኮመጥጠው ብለው እዚያው ክርክር ገጠሙ። ሻጯ “ልትገዙ ነው ልትፈርዱ?” ብለው ሳቁብን፤ ሁለት ሎሚም መረቁልን።

ጭማቂውን አጥልለን 2 ሚሊ ሊትር ለካን። ውሃና ሁለት ጠብታ ፊኖልፍታሊን (አሲዱ ሲያልቅ ሮዝ የሚሆን ጠቋሚ) ጨመርንበት። ከቢዩሬቱ ቤዙን፣ 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ጠብ ጠብ እያደረግን፣ ፈዛዛ ሮዝ ሲሆን ማቆም ነው። የአንዱ ሎሚ ጭማቂ ግን 17.1፣ 17.9፣ 18.6 ሚሊ ሊትር እያለ አስቸገረን። እኔም የተሳሳተው የቢዩሬት ንባባችሁ ነው ብዬ ተቆጣሁ።

ክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ አለ። ቀስ ብሎ የሠራው ቡድን ቁጥሩ እንደሚበልጥ ያስተዋለው እሱ ነው። ቢዩሬቱን ሞልቶ ዘጋውና አሥር ደቂቃ አፍጥጦ ተመለከተው። ፍላስኩ ውስጥ ምንም አልገባም፤ ፈሳሹ ግን 0.6 ሚሊ ሊትር ወርዷል። የመክፈቻውን ጎን በጣቱ ነካ አደረገ። “አቦ ቲቸር፣ እኛ አይደለንም። ይቺ ዕቃ ታለቅሳለች!”

አፈርኩ። ጥንቃቄ ያበዙትን ልጆች ነበር የተቆጣሁት።

በሳምንቱ ከቤቱ ቫዝሊን ይዞ መጣ። መክፈቻውን አጥበን፣ አድርቀን፣ በስሱ ቀባነው። 16.6፣ 16.7፣ 16.6! ጩኸታችን ቢሮ ድረስ ተሰምቶ “ምን ተፈጠረ?” ተብለናል። ሲትሪክ አሲድ ሦስት ሃይድሮጅን ስለሚለቅ ለሦስት አካፍለን፣ በ100 ሚሊ ሊትር 5.3 ግራም ያህል አገኘን።

የአረንጓዴና የብጫ ክርክር ግን አልተፈታም። ፊኖልፍታሊኑ አለቀ። ከርከዴ ሞከርን፤ ቀለሙ ቀስ እያለ ስለሚለወጥ የቱ ጋ እንደምናቆም አጨቃጨቀን እንጂ አልረዳንም።

ለስፖርት ክበብ ማልያ ሲገዛ አጨብጭበናል፣ ከልባችን ነው። እኛ ለወላጆች ኮሚቴ ያስገባነው ጥያቄ ሁለት ቢዩሬትና አንድ ጠርሙስ ፊኖልፍታሊን ነው። ቫዝሊኑን ልጁ ያመጣል።