ሱቁን ዝጋ ላልሽኝ ልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

«አባዬ፣ ይብቃህ፤ ሱቁን ዝጋና ዕረፍ፤ ለወር የሚያስፈልግህን እኔ እልካለሁ» ያልሽው ለእኔ ሳስተሽ እንደሆነ ይገባኛል። ተባረኪ። ሱቁን ግን አልዘጋም። ደመወዝተኛ 60 ዓመት ሲሞላው በሕግ ጡረታ ይወጣል፤ ለልብስ ሰፊ እንዲህ ያለ ቀን የቆረጠለት የለም። ዕድሜ ሲገፋ መለወጥ ያለበት የሥራው አያያዝ ነው። እሱን በዝርዝር ልጻፍልሽ፤ አንብበሽ ስትጨርሺ ከገንዘቡ ይልቅ ምን ብትልኪ እንደሚሻል ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ዋናው ዓይን ነው። ከ40 ዓመት ወዲህ የዓይን ሌንስ መተጣጠፉን እየተወ ይሄዳል፤ ቅርብ ያለው ነገር ይደበዝዛል። ብዙ ሰፊ የሚሳሳተው አንድ መነጽር ገዝቶ ለሁሉም ሥራ ሲጠቀምበት ነው። መርፌ ከዓይን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ለዚያ ርቀት +2.50 ቁጥር መነጽር ይስማማል። ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ጨርቅ ግን 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚርቅ +1.50 ይበቃዋል። በመርፌው መነጽር ጨርቅ የሚቀድ ሰው የጠመኔው መስመር ስለሚጠፋበት ያጎነብሳል፤ ማታ ወገቤን ወገቤን የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሁለት መነጽር፣ አንዱ ቀይ አንዱ ጥቁር ፍሬም፣ እንዳይምታቱ። (የሩቅ ዕይታውም የደከመ ሰው ግን ቁጥሩን በሐኪም ማስለካት አለበት።) መብራት ዙሪያ ቀለበት መታየት ከጀመረና መነጽር ቢቀያየርም ብዥታው ካልለቀቀ ደግሞ ሞራ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በቀዶ ሕክምና የሚነሣ ስለሆነ ሥራ ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ያረጀ ዓይን ከወጣት ዓይን ይልቅ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል። አንገቱ የሚተጣጠፍ የኤልኢዲ መብራት ከመርፌው በስተግራ፣ ዝቅ ብሎ፣ አምፖሉ ፊት ላይ ሳያበራ ይቀመጣል። ከጣሪያ የሚመጣ መብራት ብቻውን አይረባም፤ የራስ ጥላ ሥራው ላይ ይወድቃል። ሌንሱ በዕድሜ ወደ ቢጫ ስለሚያደላ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ክር ይመሳሰላሉ፤ ቀለም የሚመረጠው በቀን፣ ደጃፍ ላይ ወጥቶ ነው። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ማታ አይሰፋም። ክር ለማስገባት ጫፉን በሰያፍ መቁረጥ፣ ከመርፌው ኋላ ነጭ ወረቀት መያዝ፣ ከዚያ ከክሩ ይልቅ የመርፌውን ቀዳዳ ማርጠብ፤ የረጠበ ክር ያብጣልና። ጠዋት ዓይን ሳይደክም 10 መርፌ ላይ ክር አስገብቶ የመርፌ ትራስ ላይ መሰካት ቀኑን ሙሉ ያሳርፋል። የእጅ ስፌት ክር ከ45 ሳንቲ ሜትር አይርዘም፤ ከዚያ ያለፈ ይቋጠራል።

እጅን የሚጎዳው ከዕድሜው ይልቅ የደነዘ መቀስ ነው። መቀስ ሲደነዝ የአውራ ጣት ሥር ላይ ያለው መጋጠሚያ ሸክሙን ይሸከማል፤ ቁርጥማት ብዙ ጊዜ ከሚይዛቸው የእጅ መጋጠሚያዎች አንዱም እሱ ነው። ራሱ የሚከፈት፣ ስፕሪንግ ያለው የጨርቅ መቀስ አለ፤ እሱን ፈልጊልኝ። በእሱ ወረቀት እንዳይቆረጥ እኔ እጠብቃለሁ። የስፌት መኪናው የእግር መርገጫ ይቆይ፣ ሞተር አልፈልግም፤ ቁርጭምጭሚት እንዲንቀሳቀስ ያደርጋል። መርገጫ የሚያስቸግረው የቆዳው ቺንጋ ላልቶ ሲንሸራተት ወይም ዘይት ሲያጣ ነው፤ የቺንጋውን ጫፎች የሚያያይዘውን ሽቦ አውጥቶ ቺንጋውን 1 ሳንቲ ሜትር ማሳጠርና የመርገጫው መጋጠሚያዎች ላይ ዘይት ጠብ ማድረግ ያቀለዋል። በአንድ ጊዜ ብዙ ካጠረ ግን መንኮራኩሩ ይጠብቃል፣ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ። የመቅደጃው ጠረጴዛ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቆሞ መቅደድ ይሻላል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ከወንበር መነሣት ግዴታ ይሁን።

ሥራው ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ረጅም ቀጥ ያለ ስፌት፣ ጠርዝ ማጠፍ፣ ካውያ፤ ይህ ፍጥነት ስለሚፈልግ የወጣት ድርሻ ነው። ልኬት፣ ቅድና ማስለካት ግን ዕድሜ አይቀንሰውም። ጃኬት ሲለካ ከአንገት ሥር ወደ ብብት በሰያፍ ቢሸበሸብ፣ ጀማሪ ጎኑን ያሰፋዋል፤ ሽብሽቡም አይጠፋም። ጥፋቱ የባለቤቱ ትከሻ ዘቅዘቅ ያለ መሆኑ ነው፤ የትከሻው ስፌት በእጅጌው በኩል 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፣ የብብቱም ዙሪያ በዚያው ልክ ይወርዳል። ይህን የሚያይ ሽማግሌ ቤቱ ሲቀመጥ ለጀማሪው የሚያሳየው ሰው አይኖርም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው።

አዲስ ነገር መፍጠርም የሚቻለው እዚሁ ነው። የሀገር ፈትል ቀሚስ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይነት ቅድ ይሰፋል፤ ሊሞከር የሚችል ግን ብዙ አለ፦ ጥለቱን ከጠርዝ ወደ ጎን ስፌት ማዞር፣ ከአሮጌ ጋቢ የልጅ ካፖርት ማውጣት። ችግሩ ፈትል ስስ ሽመና ስለሆነ እንደተቀደደ ይተረተራል። መፍትሔው ከመቅደድ በፊት ከጠመኔው መስመር በውስጥ በኩል ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገብቶ አንድ ዙር መስፋት ነው። መርፌው 80 ቁጥር፣ የስፌቱ ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ያጠረ ስፌት ድሩን ይበጥሰዋል። ጨርቁን ከኋላ መጎተት አይገባም፤ ይወላገዳል። ጥለቱ ላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ክር ሰው ሠራሽ ከሆነ በካውያ ይቀልጣል፤ እርጥብ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጎ፣ በዝቅተኛ ሙቀት። ጥጡ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ከመቅደድ በፊት ማርጠብና ጥላ ውስጥ ማድረቅ ያስፈልጋል። ይህን የዘለለ ቀሚስ ከመጀመሪያው አጠባ በኋላ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይቀራል።

ትዕዛዝ አቀባበል ላይ አጭር ነገር ልበል። ሽማግሌን የሚሰብረው የበዓል ዋዜማ ነው። ለጥምቀትና ለፋሲካ ትዕዛዝ መቀበልን ከሦስት ሳምንት በፊት መዝጋት፣ ግማሹን ቀብድ መቀበል፣ ልኬትን በቃል ሳይሆን በደብተር መያዝ። ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ቅድ፣ ከሰዓት የእጅ ሥራ፣ ከ11 በኋላ ምንም።

እንግዲህ የምትልኪው መነጽሮቹን፣ መብራቱንና መቀሱን ነው። በዚያው ላይ ልኬትሽን ጨምሪ። ራስሽ አትለኪ፤ ክንድሽን ስታነሺ ቁጥሩ ስለሚለወጥ ሌላ ሰው ይለካሽ። ስስ ልብስ ለብሰሽ፣ ሜትሩ ከወለሉ ጋር እኩል ተኝቶ፣ ሥሩ ሁለት ጣት እያስገባ። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ከአንገት ኋላ ጉብታ እስከ ወገብ፣ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት። በኢንች ሳይሆን በሳንቲ ሜትር ጻፊው። ፈትሉ ረጥቦ ደርቆ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

አባትሽ