እማዬ፣ ስለ ጸሎት ለጠየቅሽኝ

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ትናንት የላክሁት ገንዘብ የመድኃኒትሽ ነው። ለሠርጉ ሌላ እልካለሁ፤ እንዳትቀላቅይው።

ባለፈው በስልክ «ለመሆኑ ትጸልያለሽ?» ስትይኝ ዝም ያልኩት ስለማልጸልይ አይደለም። ሰው አጠገቤ ነበር። ነገሩም በስልክ የሚያልቅ አልነበረም። ከዚያ በፊት የጠፋሁትም ረስቼሽ አይደለም። ድምፄን ከሰማሽ ሁሉም እንደሚገባሽ ስለማውቅ ነው።

ያኔ አልነገርኩሽም፤ አሁን አልፏል። አንድ ሰው የሠራሁበትን ደሞዝ ከለከለኝ። ማታ ተንበርክኬ «አባታችን ሆይ» ብዬ እጀምራለሁ። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። የሰውየው ፊት ይመጣብኛል። ልዝለለው እላለሁ፤ እሺ አይለኝም። አንዳንድ ሌሊት እዚያው ላይ እንዳለሁ እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር።

በፊት ጸሎቴ ሁሉ «ስጠኝ፣ አውጣኝ» ነበር። እዚያች ቃል ላይ ስቀር ግን ሌላ ነገር መለመን ጀመርኩ። ከዳዊት የምትወጂውን፦ «ንጹሕ ልብን ፍጠርልኝ፥ የቀናውንም መንፈስ በውስጤ አድስ»። እማዬ፣ ገንዘቡ አልተመለሰም። ሰውየውም ያው ነው። እኔ ግን አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቼው እጄ አልተንቀጠቀጠም። ሰላም አልኩት። የዚያን ዕለት ማታ ጸሎቱን እስከ አሜን ድረስ ዘለቅኩት። ይህን ትንሽ ነገር ነው እንዳትይ። ቂሙ አሁንም አንዳንዴ ብቅ ይላል፤ ሲመጣ እንደገና ከዚያው እጀምራለሁ።

ስትናፍቁኝ ደግሞ ዳንኤልን አስባለሁ። በልጅነቱ ተማርኮ ባቢሎን ገባ፤ እዚያው አረጀ። ጸሎት የሚከለክለው አዋጅ መጽደቁን እያወቀ እንኳ በኢየሩሳሌም አንጻር ያሉትን መስኮቶች ከፍቶ በቀን 3 ጊዜ ይንበረከክ ነበር። እኔም መስኮቴ ወደ እናንተ ይሁን አይሁን እንጃ እንጂ ከፍቼው ነው የምጸልየው። ብርዱ ይገባል፤ ይግባ። ስማችሁን እጠራለሁ፤ ያንቺን፣ የአባባን፣ የእህቴን። አንዳንዴ ከስም አላልፍም፤ እንባ ይቀድመኛል። አይዞሽ፣ ናፍቆት ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ለእህቴ ሠርግ አለመድረሴ ያንገበግበኛል። ወረቀቴ ስላላለቀ ነው እንጂ ጨክኜ አይደለም፤ እሷም ታውቃለች። አንድ ነገር ንገሪልኝ። ማታ ማታ አብረው ይጸልዩ። ጳውሎስ «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ያለውን በተግባር የሚያደርጉት እንዲያ ነው። ተኮራርፎ ጎን ለጎን መንበርከክ ከባድ ነው፤ ከሁለት አንዳቸው ቀድመው ይቅርታ ማለታቸው አይቀርም። አማቼን ገና በዓይኔ አላየሁትም፤ ግን ስሙን ከእናንተ ጋር ጨምሬዋለሁ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። እህቴ ነግራኛለች፤ እንዳትቆጫት። «ጸሎቴ ይበቃኛል» ብለሽ የግፊቱን ኪኒን ትተሻል አሉ። መጸለይን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ በጸሎት ነገር አልከራከርሽም። ግን ንጉሡን ሕዝቅያስን አስቢው። ለሞት በሚያደርስ ሕመም ተይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ጸለየ፣ አለቀሰ። እግዚአብሔር ሰማውና 15 ዓመት ጨመረለት። ይህን የነገረው ያው ኢሳይያስ ደግሞ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው እባጩ ላይ እንዲለጥፉለት አዘዘ። ጸሎቱም ተሰማ፣ መድኃኒቱም ተደረገ። ያንቺ ኪኒን ከበለሱ በምን ያንሳል?

ስለዚህ ጸልዪና ዋጪው። በሰዓቱ። ሐኪም ቤት የምትሄጂበትን ቀን እህቴ ትጻፍልኝ፤ ግፊትሽ ስንት እንደሆነ ካንቺው አፍ ልስማ። ደህና ነኝ ብቻ ብትይኝ አልቀበልም።

ልጅሽ