ደቀ መዛሙርቱ ለቅሶ ቤትም ይማሩ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ... ጎጃም የቅኔ አገር ነው። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ለምኖ ይማራል። ቅኔ ይቆጥራል፣ ይዘርፋል። ቀስሶ የንስሐ ልጅ ሲይዝ ግን የሚጠብቀው ሌላ ሥራ ነው።

አምና ወንድሜ ሲሞት እናቴ እህል አልቀምስም አለች። አንድ ወጣት ቄስ መጡ። "እግዜር ያጥናሽ" ብለው ጠበል ረጭተው ሄዱ። በሳምንቱ ሽማግሌው የንስሐ አባታችን መጡ። መደቡ ላይ አጠገቧ ቁጭ ብለው ዝም አሉ። ቆይተው ስለ ልጇ ጠየቋት። አወራች፣ አለቀሰች። ማታ እንጀራ ቆረሰች።

ወጣቱ ቄስ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ማን አሳያቸው? የኔታዎቻችንን እማፀናለሁ፦ ደቀ መዛሙርቱን ከመሸኘታችሁ በፊት እንዲህ ካሉ አባት ጋር ለቅሶ ቤትና የታመመ ቤት ላኳቸው።

ከደብረ ማርቆስ