የልጄን ኖርማልነት የልደት ቀኑ ነው እንዴ የሚወስነው?

ሰላም አዘጋጆች፣ ለጋዜጣ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነውና ከተዘበራረቀብኝ ይቅርታ፣ አስተካክላችሁ አውጡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ አንደኛ ክፍል ነው። የወላጆች ስብሰባ ተብሎ ሄጄ ቲቸሩ ወደ ጎን ወሰደችኝና ድምጿን ዝቅ አርጋ "ልጁ ኖርማል አልመሰለኝም፣ ቢያሳዩት ጥሩ ነው" አለችኝ። ምን አደረገ ስላት አንድ ቦታ አይቀመጥም፣ ሰሌዳ ላይ ያለውን ሌሎቹ ሲጨርሱ እሱ ገና ግማሽ ላይ ነው፣ እርሳሱ ሲወድቅ ላንሳ ብሎ ዴስክ ስር ይገባና እዛው ይቀራል። እዛው ይቀራል ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ቤት ገብቼ ዴስክ ስር ምን ትሰራለህ ስለው "እዛ ጸጥ ይላል" አለኝ።

እስከዛች ቀን ድረስ ልጄ ልጅ ነበር በቃ፣ ኖርማል ነው አይደለም የሚባል ወሬ ቤታችን ተነስቶ አያውቅም። ት/ቤት ሲገባ ግን በአንድ ደወል ከእኩዮቹ ጋር ተነስቶ በአንድ ደወል መቀመጥ አለ፣ ወዲያው ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ይለካል።

እኩዮቹ አልኩ እንዴ? ክፍላቸው ግድግዳ ላይ የልጆቹ ልደት ተለጥፏል፣ ቆሜ ሳየው የኔው የሁሉም ትንሽ ነው፣ ከትልቁ ልጅ በ11 ወር ያንሳል። ሰባት አመት ላልሞላው ልጅ 11 ወር ማለት የእድሜው አንድ ሰባተኛ ገደማ ነው እኮ፣ የ35 አመት ሰው ላይ ብታመጡት 5 አመት ነው።

ከዛ እንቅልፍ አጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ከ900 ሺህ በላይ ልጆችን መረጃ አይተው በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። እዛ የክፍል እድሜ የሚቆረጠው ዲሴምበር 31 ላይ ነው፣ ስለዚህ የዲሴምበር ልጅ የክፍሉ ትንሽ፣ የጃንዋሪ ልጅ የክፍሉ ትልቅ ይሆናል። ታዲያ የዲሴምበር ወንዶች ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና አላርፍ የማለት ችግር) አለባቸው የመባል እድላቸው ከጃንዋሪዎቹ በ30 በመቶ በልጦ ተገኘ፣ ሴቶቹ ላይ ደግሞ በ70 በመቶ! ዲሴምበር 30 የተወለደው ልጅ ሶስት አራት ቀን እናቱ ሆድ ቢቆይ ኖሮ የሚቀጥለው አመት ገብቶ ከክፍሉ ትልቁ ይሆን ነበር፣ ምናልባትም ረጋ ያለ ልጅ እየተባለ ይመሰገን ነበር።

ኤዲኤችዲ የለም እያልኩ አይደለም፣ አለ፣ ያለበት ልጅ ቶሎ መታየት አለበት። የኔንም አይኑንም ጆሮውንም አሳየሁት፣ ደህና ነው አሉኝ፣ ሌላውንም እያስመረመርኩት ነው። ቲቸሯም ላይ አልፈርድም፣ ያን ሁሉ ልጅ ብቻዋን ይዛ ኖርማል የሚመስላት የማይረብሻት ልጅ ቢሆን አይገርመኝም። (ኖርማል የሚለው ቃል ራሱ ከላቲን የመጣ ነው፣ መነሻው አናጢ የሚይዘው ስኳድራ ነው አሉ። ልጅ በስኳድራ!)

እኔ ራሴ ግራኝ ነኝ። ከአስር ሰው አንዱ ገደማ ግራኝ ነው፣ ግን በኛ ጊዜ ያን ማን ሊሰማ፣ ጣቴን በማስመሪያ እየተመታሁ በቀኝ ለመድኩ፣ እስከዛሬ እጅ ጽሁፌን ከራሴ በቀር የሚያነበው የለም። ልጄ ክፍል ሁለት ግራኞች አሉ፣ ማንም ምንም አይላቸውም።

የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ቲቸሮች ወላጅ ጠርታችሁ ያቺን ቃል ከመናገራችሁ በፊት የልጁን የልደት ቀን አንዴ እዩልን። ቀጣዩ ስብሰባ በሚመጣው ወር ነው፣ ይቺን ደብዳቤ ካወጣችሁልኝ ቆርጬ ይዣት እገባለሁ።

አንድ ወላጅ